ቴክስት ኤዲተር ስንመርጥ ምን እንጠይቅ?

ፕሮግራም መጻፍ የጀመሩ ተማሪዎች ዘወትር ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ «የትኛው ቴክስት ኤዲተር ይሻላል?» የሚል ነው። የሚሰጣቸው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ቀለማትና ስለ ገጽታ ውበት ይሆናል። በእኔ እምነት ግን በአማርኛ ለሚያስብና ለሚጽፍ ተማሪ የሚቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ዛሬ የጻፍኩትን ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ፣ ያለዚህ ፕሮግራም ማንበብ እችላለሁን?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። የዩኒኮድ ደረጃ 3.0 እ.ኤ.አ. በ1999 ወጥቶ ለግዕዝ ፊደል ቋሚ ቁጥሮች እስኪመድብ ድረስ፣ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች የየራሳቸውን ቁጥር ይጠቀሙ ነበር። ብዙዎቹ በላቲን ፊደላት ቦታ የግዕዝን ቅርጽ ያስቀምጡ ስለነበር፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ክምር ነበር። በዚያ ዘመን የተጻፈን ጽሑፍ ዛሬ ለማንበብ ወይ ያንኑ ፎንት ማፈላለግ፣ ወይ ቁጥሮቹን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ግድ ይላል።

በዩኒኮድ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አቀማመጥ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ሲይዝ የእንግሊዝኛው 1 ባይት ብቻ ይይዛል። ይህን እንደ ብክነት የሚቆጥር ቢኖር ያስላ፤ 2,000 ፊደላት ያሉት ገጽ 6,000 ባይት ነው፤ በአንድ ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ዲስክ ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ገጾች ይቀመጣሉ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት የአንኮበር ተማሪ ከከተማው ተነሥታ ቁልቁል እስከ አልዩ አምባ በየደረጃው የአየር ሙቀትንና የውሃ መፍያ ነጥብን ልትመዘግብ አሰበች እንበል። መንገዱ ራሱ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ነው፤ ከፍታ በ1 ኪሎ ሜትር ሲቀንስ የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ይጨምራል፤ ውሃም አንኮበር ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ማስታወሻዋን በዊንዶውስ ጽፋ፣ ስሌቱን ደብረ ብርሃን በሚገኝ የሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ በፓይተን ልትሠራው ትችላለች። ፋይሉ ጌጥና ቅርጽ የሌለው ተራ ጽሑፍ፣ አቀማመጡም ዩቲኤፍ-8 ከሆነ ሁለቱም ያነቡታል። የዊንዶውስ ኖትፓድ እስከ 2019 ድረስ፣ ካላዘዙት በቀር፣ «ኤኤንኤስአይ» በሚባለው አቀማመጥ ነበር የሚያስቀምጠው። ማስጠንቀቂያውን ሳያነብ «እሺ» ያለ ሰው አማርኛው ሁሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጥበት ነበር፤ ይህ ደግሞ ከፎንቱ ችግር የከፋ ነው፤ ፊደሉ ከፋይሉ ውስጥ ስለጠፋ የሚመልሰው የለም።

የአማርኛ ፊደላት ስፋት እኩል ባለመሆኑ በባዶ ቦታ የተደረደረ ሠንጠረዥም ይዛነፋል፤ ዓምዶቹ በታብ ቢለዩ ይመረጣል። ፍለጋም የራሱ ጣጣ አለው። «ፀሐይ» ብሎ የሚፈልግ «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም፤ ለኮምፒዩተሩ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸውና። ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚያውቅ ኤዲተር ግን «[ፀጸ][ሐሀኀሃ]ይ» ሲባል ሁሉንም ይለቅማል። ለእኔ ይህ ከመቶ ቀለማት ይበልጣል።

ከዚህ አንጻር ለጀማሪ የምመርጠው ጂኒን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ያለ፣ በነፃ የሚገኝ፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም የሚሠራ፣ አሮጌ ኮምፒዩተርን የማያስጨንቅ ፕሮግራም ነው። በ1991 የወጣው ቪም ከዚያም የቀለለ ነው፤ ሆኖም ትእዛዞቹ የላቲን ፊደላት ስለሆኑ የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ አማርኛ የለወጠ ሰው ትእዛዝ ሲሰጥ አይሰማውም፤ አማርኛና ኮድ እያቀላቀለ ለሚጽፍ ይህ አድካሚ ነው። ኢማክስ የአማርኛ መጻፊያ ዘዴ ከውስጡ አለው፤ የዓለም ቋንቋዎችን ሰላምታ በሚዘረዝረው ናሙና ፋይሉም «ሠላም» የሚል ቃል ይገኛል፤ ያውም በንጉሡ ሠ! ለመልመድ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ከ2015 ወዲህ የተስፋፋው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ችሎታው የሚካድ አይደለም፤ ነገር ግን የድረ ገጽ ማሰሻ ሞተር በሆዱ ተሸክሞ ስለሚነሣ ማስታወሻው ጠባብ በሆነ ኮምፒዩተር ላይ ይጎተታል።

የወደዳችሁት ፕሮግራም ሊቋረጥ እንደሚችልም አስቡ። አተም የተባለው ዝነኛ ኤዲተር በታኅሣሥ ወር 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2022) ሥራው ቆሟል። ተጠቃሚዎቹ የጻፏቸው ፋይሎች ግን ተራ ጽሑፍ ስለነበሩ በሌላ በማንኛውም ኤዲተር ይከፈታሉ።

አዲስ ኤዲተር ስትጭኑ በፓይተን 3 «ፍጥነት = ርቀት / ጊዜ» ብላችሁ ጻፉበት፤ ርቀትና ጊዜ ቀድመው ዋጋ ከተሰጣቸው ቋንቋው ይቀበለዋል። ከዚያም ፋይሉን በፍላሽ ዲስክ ወስዳችሁ፣ ኤዲተሩ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ክፈቱት።