ጅራት የሚያበቅሉ አስትሮይዶች

በታኅሣሥ 4 እና 5 ሌሊት በሰንበቴ ሰማይ ላይ የሚታዩት ተወርዋሪ ኮከቦች አብዛኞቹ የፌቶን ብናኝ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1983 የተገኘው ፌቶን ግን ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አስትሮይድ ተብሎ ነው የተመዘገበው፤ ያን ሁሉ ብናኝ እንዴት እንደረጨ ዛሬም ያከራክራል። አስትሮይድን ድንጋይ፣ ጅራታም ኮከብን በረዶ ብሎ የሚከፍለው የመማሪያ መጽሐፍ እዚህ ላይ ይሰናከላል። በ1979 በአስትሮይድነት የታየው ኤልስት-ፒሳሮ በ1996 ጅራት አወጣ፤ ወደ ፀሐይ በቀረበ ቁጥርም ደጋገመው፤ ይህም በውስጡ በረዶ መኖሩን ያመለክታል። በ2019 ጅራቱ የታወቀው ጎልት ግን ብናኙን የረጨው በፈጣን ሽክርክሪቱ ሳቢያ ሳይሆን አይቀርም። ጅራት እንግዲህ የጠባይ እንጂ የዘር ምልክት አይደለም፤ ጠባይም በአንድ ሌሊት ምስል አይለይም። የሚያሻው ተደጋጋሚ ክትትል ነው። የእንጦጦ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች፣ የአዲስ አበባ መብራት ቢፈታተናቸውም፣ በበጋ ሌሊቶች ለዚህ ሥራ ቋሚ ሰዓት ሊመደብላቸው ይገባል።