ብረት ያልለበሰው ጠባቂ

አባቴ ወጣትነቱን የጨረሰው ደብረ ዘይት አየር ኃይል ግቢ ውስጥ፣ የሳብ 17 አውሮፕላን ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ነው። ከስዊድን አስተማሪዎቹ የለመዳቸው የመፍቻ ስሞች እስከ ሽምግልናው ከአፉ አልጠፉም። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ እኛ ልጆቹ ወደ ሰማይ እናንጋጥጣለን፤ እሱ ግን አንዴ ቀና ብሎ ዓይኑን ወደ ቁጥቋጦው ይመልስ ነበር። «አብራሪን የሚበላው እዚያ ሥር ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ነው» ይለናል። ያኔ አልገባኝም። የገባኝ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ስቶክሆልም ዳርቻ በሚገኘው ቤቴ ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ ጋር ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ነው።

የምንጫወተው ዎር ተንደርን ነው። ጋይጂን ኢንተርቴይንመንት የተባለው ኩባንያ የሠራው ይህ ጨዋታ ታንኩን፣ አውሮፕላኑንና ሄሊኮፕተሩን በአንድ ሜዳ ያገናኛል። ተጫዋቹ የአንድ አገር መስመር ይመርጥና ከአሮጌው መሣሪያ ተነሥቶ ዘመናዊውን እየከፈተ ወደ ላይ ይወጣል። የስዊድን መስመር የምድር መሣሪያዎች የገቡት በ2020 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ስዊድንን የመረጥነው የምንኖርባት አገር ስለሆነች ነው፤ ሳብ 17 እዚያ ውስጥ በመኖሯም ነው። ኢትዮጵያ ከ1947 ጀምሮ ከእነዚህ አውሮፕላኖች ከ40 በላይ ወስዳለች፤ ስዊድናዊው አብራሪ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮሰንና ባልደረቦቹ የእኛን ልጆች ያሠለጠኑበት ዘመን ነው። ልጄ አያቱ በእጁ የነካትን አውሮፕላን ሲያበር አጠገቡ መቀመጥ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ በቅርቡ አንድ ማታ፣ ሄሊኮፕተር ከሩቅ ኮረብታ ጀርባ ብቅ እያለ ታንኮቻችንን አንድ በአንድ ከለቀመብን በኋላ፣ ልጄ ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ «አባዬ፣ ባለጎማዋን መኪና እንዲያስገቡልን የጨዋታውን ሠሪዎች እንጠይቃቸው» አለኝ። የትኛዋን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እኔም ሳስባት የቆየሁት እሷን ነበር።

መኪናዋን ፊንላንዶች ኢቶ 05 ይሏታል። የጨዋታው የስዊድን መስመር የፊንላንድ መሣሪያዎችንም ስለሚይዝ ቦታዋ እዚያው ነው። ፊንላንድ በ2002 ነው ያዘዘቻት። የሚሳኤል ሥርዓቱ አስራድ አር ይባላል፤ የስዊድኑ ሳብ ከጀርመን አጋሩ ጋር የሠራው ነው። ፊንላንድ አንዳንዱን ባለሰንሰለት ተሽከርካሪ ላይ፣ አንዳንዱን ደግሞ መርሴዲስ ዩኒሞግ የጭነት መኪና ላይ ጫነችው። እኛ የምንለው ዩኒሞጉን ነው። ከኋላው፣ ጭነት በሚቀመጥበት ቦታ፣ የሚሽከረከር ማስወንጨፊያ አለ፤ በላዩ አራት ሚሳኤሎች ተዘጋጅተው ይቀመጣሉ፤ የቀንና የሙቀት ካሜራዎች አብረው ይዞራሉ። ሃርድ የተባለው የኤሪክሰን ራዳር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይቃኛል። ከፊት ግን ጋቢናው ያው የጭነት መኪና ጋቢና ነው። መስታወት፣ በር፣ መሪ።

ሚሳኤሉ ራሱ የስዊድን ልጅ ነው። ካርልስኮጋ ከተማ ውስጥ ቦፎርስ የፈጠረው አርቢኤስ 70 የስዊድን ጦር እጅ የገባው በ1977 ነው። ባለሦስት እግር መቆሚያ ላይ ይተከላል፤ ተኳሹ እንደ በርጩማ ባለች መቀመጫ ላይ ተቀምጦ በመነጽሩ ያያል። ብዙ ሰው የሚያውቀው በትከሻ የሚተኮሰው ሚሳኤል የአውሮፕላኑን ሙቀት አሽትቶ ይከተላል፤ አብራሪው የእሳት ማታለያ ሲረጭ ሊሳሳት ይችላል። የስዊድኑ ግን ሙቀት አያሸትም። ተኳሹ ወደ ዒላማው የሌዘር ጨረር ይዘረጋል፤ ሚሳኤሉ በጨረሩ መሐል እየጋለበ ይሄዳል። ጨረሩን የሚያነበው በጅራቱ ነው፤ ማለትም ፊቱን ለጠላት፣ ጀርባውን ለጌታው ሰጥቶ ነው የሚበረው። በመሐል ገብቶ ሊያታልለው የሚሻ ሁሉ የሚቸገረው በዚህ ነው። የመጀመሪያው ሚሳኤል 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርስ ነበር፤ መኪናዋ የምትሸከመው ቦሊድ የተባለው አዲሱ 8 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ፍጥነቱ የድምፅን እጥፍ ነው። ዒላማው አጠገብ ሲደርስ በራሱ ፈንድቶ ከ3,000 በላይ የተንግስተን ጥይቶችን ይበትናል።

ዋጋው ደግሞ ይህ ነው፤ ሚሳኤሉ እስኪደርስ ድረስ ዓይንህን ከዒላማው መንቀል አትችልም። ሩቅ ላለ ሄሊኮፕተር ከ10 ሴኮንድ በላይ ሊፈጅ ይችላል። በድሮው መቆሚያ ላይ ዒላማውን በአውራ ጣቱ እየገፋ የሚከተለው ራሱ ሰውየው ነበር፤ በመኪናዋ ላይ ካሜራው ይረዳዋል። ቢሆንም አንድ ዛፍ ወይም አንድ ጣሪያ በመሐል ከገባ፣ ጭጋግ ከወፈረ፣ ሚሳኤሉ መንገዱ ይጠፋበታል። መተያየት ግድ ነው። ያየኸው ሄሊኮፕተር ደግሞ አንተንም ሊያይህ ይችላል፤ አንተ ያለኸው ጥይት የማይመልስ ጋቢና ውስጥ ነው።

ከልጄ ጋር የሚጫወቱት ጓደኞቹ ሐሳባችንን ሲሰሙ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ማን ይፈልጋታል?» የሚል ነበር። የጠላት ከባድ መትረየስ ካገኛት አለቀላት። በዚያ ላይ ይኸው ሚሳኤል ጨዋታው ውስጥ በባለሰንሰለት ተሽከርካሪ አለ፤ ኤልቪአርቢቪ 701 የተባለው፣ ስዊድኖች ከ1950ዎቹ የእግረኛ መድፍ ተሽከርካሪ አካል የቀየሩት፣ ማስወንጨፊያውን ከሆዱ አውጥቶ ጣሪያው ላይ የሚያቆመው። እሱ ካለ የጭነት መኪና ምን ይሠራል?

እኔ መኪናዋን የምወድደው እነሱ ባነሡት ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ጨዋታ ውስጥ ሰው ቶሎ የሚማረው ብረት መደገፍን ነው። ብረቱ ይወፍራል፣ መድፉ ይረዝማል፣ ተጫዋቹም መሐል ሜዳ ገብቶ ይጋጠማል። ሰማይን የሚጠብቅ ሰው ሥራ ግን ሌላ ጠባይ ይፈልጋል። ቦታ ይመርጣል፤ ከዛፍ ሥር ይገባል፤ ሞተሩን ያጠፋል፤ አሥር ደቂቃ ምንም ሳይተኩስ ይቆያል። ጓዶቹ ግንባር ላይ ሲዋጉ እሱን የሚያስታውሰው የለም። ሄሊኮፕተሩ ብቅ ሲል የአሥር ደቂቃው ትዕግሥት በአሥር ሴኮንድ ይመነዘራል፤ ከዚያም ያ ቦታ ስለተነቃበት ሞተር አስነሥቶ ወደ ሌላ ዛፍ። ጎማ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የጭነት መኪና በመንገድ ላይ ከባለሰንሰለቱ ቀልጣፋ ነው፤ ብረት የለበሰውን ያህል ቆሞ ጥይት መቋቋም ስለማይችል ደግሞ ተጫዋቹ መቆምን እንዲፈራ ያስገድደዋል። ልጄ ትዕግሥቱ አጭር ነው። ይህችን መኪና በእጁ ቢያገኝ ከእኔ ምክር በላይ ታስተምረዋለች ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ለጨዋታው ሠሪዎች የምለው አንድ ነገር ነው፤ እንዳለች አስገቧት። ተጫዋቹ እንዳይማረር ብላችሁ ብረት አትጨምሩላት። አራቱን ሚሳኤል ስድስት አታድርጉት። ጭጋግ ሲኖር ሌዘሩ እንዲቸገር ተዉት። በምትኩ ከነማን ጋር እንደምትገጥም የሚወስነውን የውጊያ ደረጃዋን ዝቅ አድርጉላት፤ ከ8 ኪሎ ሜትር እጅግ ርቀው የሚመራ ቦምብ የሚጥሉ የቅርብ ዘመን ተዋጊ ጄቶች ፊት መወርወሯ ፍርድ አይሆንም። የእሷ ባላንጣ ሄሊኮፕተሩና ዝቅ ብሎ የሚመጣው አጥቂ አውሮፕላን ነው።

አንድ ሌላ ነገር እመኛለሁ፤ ልጄ እንኳ «ይህንስ አይሰጡንም» ብሎኛል። የአርቢኤስ 70 ተኳሾች ብቻቸውን አልነበሩም። በ1970ዎቹ ከሚሳኤሉ ጋር አብሮ የመጣ፣ ስካኒያ የጭነት መኪና ላይ የተጫነ የኤሪክሰን ራዳር ነበራቸው። ስሙን ቀጭኔ አሉት፤ አንገቱን ወደ 12 ሜትር ስለሚመዝ። መኪናው ጫካ ውስጥ ተደብቆ አንገቱን ብቻ ከዛፍ በላይ ያወጣና የሚመጣውን አይቶ፣ ተበታትነው ለተደበቁት ተኳሾች በሬዲዮ ይነግራቸዋል። ተኳሹ ራሱ ምንም ጨረር ሳያወጣ ወዴት ማየት እንዳለበት ያውቃል። ጨዋታው ውስጥ አንዱ ተጫዋች ቀጭኔውን፣ ሌላው ዩኒሞጉን ቢይዝ፣ አንዱ ያየውን ለሌላው ቢያቀብል፣ የአየር መከላከያ ምን እንደሆነ ያኔ ይታያል። እኔና ልጄ በዚያ ብንጫወት ቀጭኔውን እኔ ነኝ የምይዘው። ዓይኔ ደክሟል፤ ራዳር ግን ማንበብ እችላለሁ።

ጥያቄ ለማቅረብ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ልጄን አጥብቄ ያዝኩት። በዚህ ጨዋታ ዙሪያ ክፉ ልማድ ተፈጥሮ ነበር። በ2021 አንድ ሰው የብሪታንያው ቻሌንጀር 2 ታንክ በጨዋታው ውስጥ በትክክል አልተሠራም ብሎ ሲከራከር ከምስጢራዊ ሰነድ የተወሰደ ገጽ አወጣ፤ በዚያው ዓመት የፈረንሳዩ ለክሌር ተከተለ፤ በቀጣዩ ዓመት የቻይና ታንክ ጥይት። ኩባንያው አልተጠቀመባቸውም፤ ሰነዶቹም እንዲነሡ አድርጓል። ለክርክር ማሸነፊያ ተብሎ የወታደር ሕይወት የተንጠለጠለበትን ወረቀት መበተን ነውር ነው። እኛ የያዝነው ሠሪው ለገዢዎች ያሳተመውን መግለጫ፣ የፊንላንድ መከላከያ ለሕዝብ ያወጣቸውን ፎቶዎችና ከቤተ መጻሕፍት የተዋስነውን መጽሐፍ ነው። ልጄ ያልተገኘ ቁጥር በግምት ሊሞላ ሲል ቦታውን ባዶ አስተውኩት።

የመሣሪያው ታሪክም አብሮ ይግባ እላለሁ። ጨዋታው ለየመሣሪያው አጭር መግለጫ ያያይዛል፤ ብዙ ጊዜ ፍጥነቱንና ክብደቱን ነው የሚናገረው። የአርቢኤስ 70 ታሪክ ግን ከካርልስኮጋ ቀጥሎ ወደ ሲንጋፖር ይሄዳል። ስዊድን ጦርነት ወዳለበት አካባቢ መሣሪያ እንዳይሸጥ ትከለክል ነበር፤ ሚሳኤሎቹ ግን ሲንጋፖር የተላኩ መስለው ዱባይና ባሕሬን ደረሱ። ነገሩን ወደ አደባባይ ካወጡት አንዱ ኢንግቫር ብራት የተባለ የዚያው የቦፎርስ መሐንዲስ ነው። እሱ ሰነዱን ለስዊድን የሰላም ማኅበር ባይሰጥ ኖሮ ምናልባት ተቀብሮ ይቀር ነበር። በ1989 ፍርድ ቤት የቀድሞ ኃላፊዎችን ጥፋተኛ አለ። ልጄ ይህን ሲሰማ ብዙ ዝም አለ፤ ከዚያ «ሰውየው ሥራውን አጣ?» ብሎ ጠየቀኝ። እንጀራውን ትቶ እንደወጣ ነገርኩት። ሚሳኤሉን የሚተኩስ ልጅ ይህን ስም ማወቅ አለበት ብዬ ነው በጥያቄያችን ላይ አንድ አንቀጽ ያስገባሁት።

ከዘመዶቻችን መካከል «ጦርነት ካየ አገር መጥተህ ከልጅህ ጋር ጦርነት ትጫወታለህ?» ያሉኝ አሉ። ጥያቄው ከልቤ አይወጣም። ስዊድን ይህንኑ ሚሳኤል በ2023 ለዩክሬን ሰጥታለች፤ ዛሬ ማታ ልጄ በእጁ እንዲይዘው የምመኘውን ነገር አንድ ሌላ ወጣት ብርድ ውስጥ ሆኖ በእውነት ይዞታል። ከልጄ ብዙም አይበልጥ ይሆናል። ይህን ለልጄ ነግሬዋለሁ። ጨዋታውን አልከለከልኩትም፤ ነገር ግን የምንጫወትበት መሣሪያ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሠራው፣ ማን ላይ እንደተተኮሰ ሳናነብ እንዳንይዘው ተስማምተናል። ኢቶ 05 የመጀመሪያችን ናት።

ጥያቄውን እሑድ ማታ ጨርሰን ላክነው። የብረት ውፍረት የሚለው ክፍል ላይ ሲደርስ ልጄ ቀና ብሎ አየኝና በራሱ እጅ «የለም» ብሎ ጻፈ።