ባሕር የዋጣት ከተማ

ቅርስ ሲባል ብዙ ጊዜ በዐይነ ኅሊናችን የሚመጣው ሐውልት፣ ግንብ ወይም ቤተ መቅደስ ነው። እነዚህን ከጥፋት ማዳን ተገቢ መሆኑ አያከራክርም። ማዳን በማይቻልበት ጊዜስ ምን ማድረግ ይገባል? ለዚህ ጥያቄ በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሰፎክ አውራጃ፣ በሰሜን ባሕር ዳር ከምትገኘው ከደኒች መንደር ትምህርት እናገኛለን።

ደኒች በመካከለኛው ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት የነበሩባት ታላቅ የወደብ ከተማ ነበረች። ይሁን እንጂ የቆመችበት ገደል አለት ሳይሆን ልል አሸዋ ስለ ነበር፣ ማዕበሉ ከሥር እየቦረቦረ ይንደው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1086 በንጉሥ ዊልያም ትእዛዝ በተጠናቀረው መዝገብ ውስጥ እንኳ ባሕሩ የእርሻ መሬቷን መውሰዱ ተጽፏል። በ1286 የተነሣው ማዕበል የከተማዋን ሰፊ ክፍል አጠፋ፤ በ1328 የደረሰው ደግሞ ወደቧን ዘጋው። የቅዱሳን ሁሉ ቤተ ክርስቲያንም ከ1904 እስከ 1919 ባሉት ዓመታት ውስጥ ጥቂት በጥቂቱ እየተናደ ወደ ባሕር ወረደ።

«ለምን በግንብ አልታጠረችም?» የሚሉ ይኖራሉ። ቤቱ በዐይኑ ፊት ሲናድ ዝም ብሎ የሚመለከት ስለሌለ አስተያየታቸው የሚናቅ አይደለም። ዳሩ ግን እንዲህ ያለውን የባሕር ዳር በሙሉ ማጠር ከባድ ወጪ ይጠይቃል። ከዚህም በላይ ከገደሉ የሚናደው አሸዋና ጠጠር በማዕበል ተወስዶ ሌላውን ዳርቻ ስለሚሞላ፣ አንዱን ስፍራ ማጠር ሌላውን ማራቆት ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ደኒችን ከመረሳት ያዳናት ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ጽሑፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1587 ራልፍ አጋስ የተባለ የመሬት ቀያሽ በዘመኑ የተረፉትን መንገዶችና ሕንጻዎች በካርታ ላይ አሰፈረ። ከ400 ዓመታት በላይ ቆይቶ ተመራማሪዎች በድምፅ ሞገድ መሣሪያ የባሕሩን ወለል ሲመረምሩ፣ ያገኟቸውን ፍርስራሾች ለመለየት ይኸው ካርታ ረድቷቸዋል። የሰመጡት ደወሎች ከውኃው በታች ሲደወሉ ይሰማሉ የሚለው አፈ ታሪክ ለጆሮ ደስ ያሰኛል፤ መንገዱ በየት በኩል ያልፍ እንደ ነበር ግን አይነግረንም።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ ቅርስን የሚጠብቀው ግንበኛ ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉ። በአካባቢያችሁ ያለው አሮጌ ቤት፣ ድልድይ ወይም ዛፍ ነገ ላይኖር ይችላል። ዛሬ ቆሞ ሳለ ለኩት፤ ሣሉት፤ ታሪኩንም ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ ጻፉት።