«ዕቁብ ነው» አትበሉን፤ የፋንታሲው 500 ብር ቁማር ነው



ሰሞኑን ከየሰፈሩ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ሆኗል። «ኡስታዝ፣ ፋንታሲ ሐራም ነው እንዴ?» ይላሉ። ጠያቂው መልሱን ሳይሰማ መከላከያውንም ይዞ ነው የሚመጣው፦ «ቤቲንግ እኮ አይደለም፤ በቃ እንደ ዕቁብ ነው።» ዛሬ የምይዘው ይህችን «ዕቁብ» የምትባል ቃል ነው። ፈትዋ መስጠት የዑለሞች ቦታ ነው። እኔ የማደርገው እነሱ የተናገሩትን እናንተ ከምትጫወቱት ጨዋታ ጎን ማስቀመጥ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ጨዋታውን በትክክል እንወቀው። አንዳንድ ታላላቆቻችን ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ «የሸይጧን ሥራ ነው» ብለው ያልፉታል፤ ወጣቱም «አያውቁትም» ብሎ ጆሮውን ይዘጋል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚያዘጋጀው ፋንታሲ እ.ኤ.አ. ከ2002/03 ጀምሮ ያለ ሲሆን ምዝገባው በነጻ ነው። 100 ሚሊዮን ፓውንድ የምናብ ገንዘብ ይሰጥሃል። በእሱ 15 ተጫዋች ትገዛለህ፤ ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ መውሰድ አይቻልም። አጥቂህ ጎል ሲያገባ 4፣ አማካይህ 5፣ ተከላካይህ 6 ነጥብ ያመጣልሃል። ካፒቴንህ እጥፍ ይቆጠርለታል። ሄድ ቱ ሄድ በሚባለው ዓይነት ደግሞ በየሳምንቱ ከአንድ ሰው ጋር ትገጥማለህ፤ ያሸነፈ 3፣ አቻ የወጣ 1 ነጥብ ይይዛል። የውድድር ዘመኑ 38 ሳምንት ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከአሜሪካ ቤዝቦል ነው። ዳንኤል ኦክረንት የሚባል ጸሐፊና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1980 ኒውዮርክ ውስጥ ጀመሩት፤ የሚሰበሰቡበት ምግብ ቤት ስም ለጨዋታው ስም ሆነ። (መነሻው ከነሱ ስለሆነ ብቻ ሐራም ነው የሚል ካለ፣ ይህን ጽሑፍ የሚያነብበት ስልክም ከነሱ ነው የመጣው።)

እስከዚህ ድረስ ከኪስህ የወጣ ገንዘብ የለም። በነጻ የሚጫወተውን፣ ሰላቱን የማያሳልፈውን፣ ምላሱን የሚጠብቀውን ልጅ ቁማርተኛ ብዬ አልጠራውም። ጊዜው ያሳዝነኛል፤ እሱ ግን ሌላ ርዕስ ነው።

ጉዳዩ የሚበላሸው ቴሌግራም ግሩፑ ላይ «መግቢያ 500 ብር» የሚል መልእክት ሲለጠፍ ነው። አሁን ከዕቁብ ጋር እናስተያየው። 10 ሰው በወር 500 ብር ዕቁብ ቢገባ 10 ዙር ይወጣል። አንተ በጠቅላላው 5,000 ትጥላለህ፣ 5,000 ታወጣለህ። ዕጣው የሚወስነው ተራህን እንጂ ድርሻህን አይደለም። የመጨረሻው ዕጣ የወጣለትም ሰው ከገንዘቡ አንድ ብር አይጎድልበትም። ወደ ፋንታሲው ስትመጣ 10 ሰው 500 ብር ይጥላል፣ ግንቦት ላይ አንዱ 5,000 ይዞ ይሄዳል፣ ዘጠኙ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ይህ በየትኛው ሒሳብ ነው ዕቁብ የሚሆነው? እናቶቻችን የቤት ኪራይ የከፈሉበትን፣ ልጅ ያስተማሩበትን መተጋገዝ ስሙን ወስዳችሁ ለዚህ መስጠታችሁ ለእናቶቻችን ስድብ ነው። ከዚህም የባሰ አለ። በየሳምንቱ ግጥሚያ 100 ብር የሚያስይዙ፣ ተሸናፊው ማክሰኞ ጠዋት በቴሌብር የሚልክባቸው ግሩፖች አሉ። እነዚህ 38 ጊዜ ነው የሚቆምሩት።

የፊቅህ ሊቃውንት ቁማርን ሲገልጹ ቀላል መለኪያ አስቀምጠዋል፦ የገባበት ሁሉ ገንዘብ አስይዞ ወይ አትራፊ ወይ ከሳሪ ሆኖ የሚወጣበት ነገር። «ጋኒም ወይም ጋሪም» ይሉታል። 500 ብርህን በዚህ መለኪያ ለካው።

«ዕድል አይደለም፣ ዕውቀት ነው» የሚለው ሁለተኛው መከላከያ ነው፤ ይህኛው ትንሽ ብልጠት አለው። ስታቲስቲክስ እናነባለን፣ የጉዳት ዜና እንከታተላለን፣ የቀጣይ ጨዋታዎችን ክብደት እናሰላለን ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ትለፋላችሁ። ግን አስቡት፤ ቀስት መወርወር ከዚህ የበለጠ ዕውቀት አይደለም እንዴ? ፈረስ መጋለብስ? አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚይና ነሳኢይ ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የውድድር ሽልማትን በግመል፣ በፈረስና በቀስት ነው የወሰኑት። ዕውቀት ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ ለይቶ መጥቀስ ለምን አስፈለገ? በእነዚህ በተፈቀዱት ሳይቀር ሁለቱም ተወዳዳሪዎች ገንዘብ ካስያዙ ብዙዎቹ ዑለሞች ተጨማሪ መስፈርት ጠይቀዋል። ኢብን ተይሚያ በመስፈርቱ ላይ የተለየ አቋም አላቸው፤ ንግግራቸው ግን ስለነዚሁ ስለተፈቀዱት ውድድሮች ነው።

ደግሞ ልብ በሉ። እዚያ ሐዲስ ውስጥ የሚሸለመው ፈረሱን የጋለበው፣ ቀስቱን የወረወረው ነው። አንተ ምን ጋለብክ? ሶፋ ላይ ተቀምጠህ ሌላው ሰው ሮጦ ጎል እንዲያገባልህ የምትጠብቅ ነህ። ካፒቴን ያደረግከው ልጅ ልምምድ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ቢዞር ዕውቀትህ የት ይሄዳል? አሰልጣኙ ቅዳሜ ማንን እንደሚያሳርፍ በእርግጠኝነት ያወቀ እስቲ እጁን ያውጣ። ዝውውር የሚዘጋው ከመጀመሪያው ጨዋታ 90 ደቂቃ በፊት ነው፤ አሰላለፉ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሸሪዓ ቋንቋ ይህ ገረር ነው። ገንዘብህ የተንጠለጠለው እንዳይታይ በተሸፈነ ነገር ላይ ነው።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሌላ ሐዲስ አለ፤ ጓደኛውን «ና እንቆማመር» ብሎ የጠራ ሰው ሰደቃ ይስጥ የሚል ይዘት ያለው። በጥሪው ብቻ! ጥሪውን የላከው፣ ገንዘቡን የሰበሰበው፣ ዝርዝሩን ፒን አድርጎ የሰቀለው የግሩፕ አድሚን ይህን ሐዲስ ሁለቴ ያንብበው።

በሱረቱል ማኢዳ 90ኛና 91ኛ አንቀጾች አላህ (ሱ.ወ) ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር አጣምሮ ከልክሏል። ምክንያቱንም ነግሮናል፦ ሸይጧን በመካከላችን ጠላትነትንና ጥላቻን ሊጥል፣ ከዚክርና ከሰላትም ሊያግደን ይፈልጋል። ጠላትነቱ ከሰላቱ ቀድሞ ነው የተጠቀሰው። ስለ ፋንታሲ ስናወራ ሁላችንም ወደ ሰላቱ እንሮጣለን፤ ጠላትነቱን ግን እንደ ቀልድ እናልፈዋለን።

የየሳምንቱን ግጥሚያ ግሩፕ ቅዳሜ ማታ ከፍቶ ያየ ያውቀዋል። የተሸናፊው ፎቶ አህያ ላይ ተለጥፎ ይመጣል። ቅጽል ስም ይወጣለታል። ሦስት ሳምንት በተከታታይ ከተሸነፈ የአባቱ ሥራ ሳይቀር ይነሳል። ሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ መሳለቅንና በመጥፎ ቅጽል መጠራራትን በስም ጠቅሶ ከልክሏል፤ ይህን አንቀጽ በቃላቸው የሚያውቁ ልጆች ናቸው ስቲከሩን የሚሠሩት። በአንድ መድረሳ ጁዝ ዐምማን አብረው የሐፈዙ ሁለት ልጆች አውቃለሁ። እሁድ ማታ አንደኛው በ1 ነጥብ አሸነፈና 100 ብሩን ጠየቀ፤ ተላከለት። በኋላ የቦነስ ነጥብ ተስተካክሎ ውጤቱ ተገለበጠ። «መልስልኝ» «አልመልስም» ተባባሉ። ከዚያ ወዲህ አንዱ በሰፉ ቀኝ ጫፍ፣ ሌላው በግራ ጫፍ ነው የሚቆሙት። ሲወጡም ሰላም አይባባሉም። ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ማኩረፍ እንደማይፈቀድለት ያውቃሉ። አሁን ሁለተኛ ወራቸው ነው።

የሰላቱን ነገር በአጭሩ ልበለው። የእንግሊዝ ሰዓት ከሚቀየርበት ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ የቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታዎች በእኛ 12 ሰዓት ይጀምራሉ። አዲስ አበባ ላይ መግሪብ የሚገባው ያኔ ነው፤ ከመጀመሪያው አጋማሽ አያልፍም። ሳላህ ጎል ሲያገባ ሜዳው ላይ ሱጁድ ሲወርድ ስንቴ አይተናል! እ.ኤ.አ. በ2024/25 በፋንታሲ 344 ነጥብ ሰብስቦ ስንቱን ግሩፕ አሸለመ። እሱ እዚያ ግንባሩን ሣር ላይ ሲያደርግ እዚህ ካፒቴን ያደረገው ልጅ መግሪብ አምልጦታል። ኤፕሪል 2021 ላይ ሌስተርና ክሪስታል ፓላስ ሲጫወቱ ፎፋናና ኩያቴ ጾማቸውን እንዲያፈጥሩ ጨዋታው ለአፍታ ቆሟል። እንግሊዝ ውስጥ ለመግሪብ ጨዋታ ቆመ፤ የእኛ ልጅ ለመግሪብ ስልኩን አላስቀመጠም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ባለፈው ዓመት ማብቂያ ላይ የአንድ ግሩፕ ልጆች ከተሰበሰበው ብር 10 በመቶውን ለመስጂዱ ምንጣፍ ይዘው መጡ። ፊታቸው ላይ ደስታ ነበረ፤ ኒያቸውን አላህ ነው የሚያውቀው። ኢማሙ ከየት እንደመጣ ጠየቁ፣ ሰሙ፣ በለሆሳስ አመስግነው መለሱላቸው። ልጆቹ ተከፉ። «ለቤቲንግ ቤት አላደረግነውም፣ ለአላህ ቤት ነው ያመጣነው» ብለው ሲያማርሩ ሰንብተዋል። ወንድሞቼ፣ አላህ ጥሩ ነው፣ ጥሩን እንጂ አይቀበልም። የተቀሩት ዘጠኝ ልጆች የከሰሩት ገንዘብ ምንጣፍ ሆኖ ቢነጠፍ፣ ከከሰሩት አንዱ እዚያው ላይ ቆሞ ሲሰግድ ምን እያሰበ ይሰግዳል? ሰደቃ ከራስህ ኪስ ነው። 50 ብር ብትሆንም።

አሁን ወደ ተግባሩ። ሊጋችሁን በነጻ ማስቀጠል ትችላላችሁ፤ ነጥቡም ደረጃውም አይጠፋም። ውድድሩ ውስጥ የሌለ ሰው ከራሱ ሽልማት ቢያቀርብስ የምትሉ አላችሁ፤ በዚህ ላይ ዑለሞች ይለያያሉና የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ፣ ግሩፕ ላይ ድምፅ አትስጡበት። ዘንድሮ የተሰበሰበውን ገንዘብ የያዘው አድሚን ግን ግንቦትን አይጠብቅ። ዝርዝሩ እጁ ላይ ነው፤ የእያንዳንዱን 500 ብር በስሙ ይላክለት። አንደኛ ደረጃ ላይ ያለው ልጅ «አሁን ልወስደው ስል?» ብሎ መጮኹ አይቀርም። እሱም የሚመለስለት 500 ብሩ ነው። ባለፉት ዓመታት የበላ ሰው ባለቤቶቹን ካወቀ ይመልስላቸው፤ ካላወቃቸው ወይም ካላገኛቸው ስለ እነሱ ሆኖ ሰደቃ ያውጣው፣ የራሴ አጅር ነው ብሎ ግን አይቁጠረው። የሚመልሰው አጥቶ የተጨነቀ ካለ ቀስ በቀስ ይክፈል፤ ከመግሪብ በኋላ ብትመጡ ቁጭ ብለን እናሰላዋለን ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም።