ሳይመረጥ የመጣ ጠቅላይ ሚኒስትር

በዚህ ዓመት በክርክር ማኅበራችን ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ፤ «የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር በሁለት ምርጫዎች መካከል ሲለወጥ፤ አዲሱ ሰው ወዲያው ምርጫ ሊጠራ ይገባዋልን?» የሚል ነበር። እኔ «ይገባዋል» ከሚሉት ወገን ቆሜ ብዙ ጭብጨባ አገኘሁ። በኋላ ግን መጻሕፍት ሳገላብጥ የተናገርሁት ግማሹ ብቻ እውነት ሆኖ ታየኝ። የእኛም ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ከምክር ቤት አባላት መካከል የሚያስመርጥ ስለ ሆነ፤ በ2012 እና በ2018ም ያለ ጠቅላላ ምርጫ ለውጥ ስላየን፤ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

የእንግሊዝ ሕዝብ የሚመርጠው የየወረዳውን እንደራሴ ነው፤ የእንደራሴዎቹን ድጋፍ ያገኘውን ሰው ንጉሡ ወይም ንግሥቲቱ ይሾሙታል። ስለዚህ ሰው በመካከል ቢለወጥ ሕግ ፈረሰ አያሰኝም።

እንዲያውም ለውጡ አገር የጠቀመበት ጊዜ አለ። በሜይ 1940 የእንግሊዝ ጦር በኖርዌይ ስለ ተሸነፈ ፓርላማው ሚስተር ቻምበርሌንን ሁለት ቀን ሙሉ ሲወቅሳቸው ዋለ። ድምፅ ሲሰጥ 281 ለ200 ረቱ፤ ነገር ግን ከገዛ ወገናቸው ብዙዎች ስለ ከዷቸው መርታታቸው እንደ መረታት ሆነባቸው። ሜይ 10 ቀን ለቀቁና ሚስተር ቸርችል ተተኩ። ጀርመኖች ሆላንድንና ቤልጂክን የወረሩት በዚያው ዕለት ነው። እንግዲህ በዚያ ቀን ሕዝቡ ወደ ምርጫ ሣጥን ይሂድ የሚል ማን ነው? በክርክሩ ላይ ይህን ያነሣብኝ ባለመኖሩ ዕድለኛ ነበርሁ።

የ2022ቱ ግን ሌላ ነው። የወግ አጥባቂው ፓርቲ እንደራሴዎች በመጨረሻው ዙር ለሚስተር ሱናክ 137፤ ለወይዘሮ ትረስ 113 ድምፅ ሰጡ። ቀጥሎ ጉዳዩ ለፓርቲው አባላት ተላለፈና በ81,326 ድምፅ ወይዘሮ ትረስ አሸነፉ። በምርጫ ለሕዝብ ያልተነገረ፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚተካ ያልተገለጸ ታላቅ የግብር ቅነሳ አወጁ፤ የፓውንድ ዋጋ ወደቀ፤ በሰባት ሳምንትም ከሥልጣን ወረዱ። በእኔ አስተያየት ስሕተቱ ምርጫ አለመጠራቱ ብቻ አይደለም፤ የመጨረሻው ቃል ከእንደራሴዎች እጅ ወጥቶ ለፓርቲ መዋጮ ከፋዮች መሰጠቱም ነው። እንደራሴ ቢሳሳት ወረዳው ይጠይቀዋል፤ መዋጮ ከፋዩን ማን ይጠይቀዋል?

ሆኖም አዲሱ ሰው አሮጌውን ቃል ሊለውጥ ከተነሣ ወደ ሕዝብ መመለስ አለበት እላለሁ። ሚስተር ባልድዊን በ1923 የታመሙትን ሚስተር ቦናር ሎውን ተክተው ሲሾሙ፤ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ አዲስ ቀረጥ ሊጥሉ አሰቡ። ነገር ግን ቀዳሚያቸው ይህ እንዳይሆን ለሕዝቡ ቃል ገብተው ነበርና፤ ብዙ ዓመት ሲቀራቸው በዲሴምበር ምርጫ ጠሩ። የፓርላማ ብልጫቸውንም አጡ፤ በጃንዋሪ 1924 የሠራተኞች ፓርቲ ለመጀመሪያ ጊዜ መንግሥት ያዘ። ጓደኞቼ ሥልጣኑን በገዛ እጁ የጣለ ሞኝ ይሏቸዋል፤ እኔ ግን ጥያቄው ዳግመኛ ቢነሣ አስቀድሜ የምጠራው የእርሳቸውን ስም ነው።