በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታዎች ስለሚቀመጡ ፒያኖዎች አጠባበቅ

በሆቴል ሳሎን፣ በትምህርት ቤትና በስብሰባ አዳራሽ የሚቀመጥ ፒያኖ ለባለቤቱ ብዙ ገንዘብ ያስወጣ ንብረት ነው። ይሁን እንጂ ከተገዛ በኋላ እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ ተቆጥሮ ያለ ኃላፊ ሲተው ይታያል። ክዳኑ የሲኒና የቢራ ጠርሙስ ማስቀመጫ ይሆናል፤ የሠርግ እድምተኛ ፎቶግራፍ ለመነሣት ይቀመጥበታል፤ ሕፃናት በጡጫ ይደበድቡታል። በደባርቅና በዳባት ሆቴል የሚያሠሩ ወይም አዳራሽ የሚያስጌጡ ነጋዴዎቻችን ይህን ዕቃ ለመግዛት ባሰቡ ጊዜ፣ ከዋጋው አስቀድሞ አጠባበቁን ቢመረምሩ መልካም ይመስለናል።

ፒያኖ ከውጭ ሲያዩት ጠንካራ ሣጥን ይመስላል፤ ውስጡ ግን እንደዚያ አይደለም። ከ200 በላይ የሆኑ የብረት ሽቦዎች በአንድነት ከ15 ቶን በሚበልጥ ኃይል ተወጥረው የሚኖሩ ሲሆን፣ 88ቱ መምቻዎች የሚያንቀሳቅሷቸው መዶሻዎች ደግሞ በሱፍ የተለበሱ ናቸው። ሱፉን ብል ይበላዋል፤ አይጥም ጎጆ ይሠራበታል። በመምቻዎቹ መካከል የፈሰሰ አንድ ብርጭቆ ለስላሳ መጠጥ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማስወገድ ዕቃውን በሙሉ መፍታት ሊያስፈልግ ይችላል።

የአገራችንም አየር የራሱ ጠባይ አለው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስለ ሆነች፣ በክረምት እርጥበቱ እንጨቱን ያሳብጠዋል፤ በበጋ ደግሞ ደረቁ አየርና የሌሊቱ ብርድ ያኮማትረዋል። በዚህ ምክንያት ቅኝቱ ይዛባል፤ ሽቦ የሚይዙት ችንካሮችም ይላላሉ። ስለዚህ ፒያኖን በመስኮት አጠገብ፣ በውጭ ግድግዳ ላይ፣ ይልቁንም ለሙቀት ሲባል ከሚነድደው የከሰል ማንደጃ አጠገብ ማስቀመጥ ገንዘብን ማቃጠል ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ማስቃኘት ይገባል፤ ነገር ግን ቃኚዎቹ ጥቂቶች ሆነው የሚገኙት በአብዛኛው በአዲስ አበባ ነው፤ ከዚያ እስከ ደባርቅ ያለው መንገድም ከ800 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። (ይህ ሁሉ ወጪ የሚከብደው ነጋዴ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኪቦርድ ቢገዛ አናፍርበትም።)

አንዳንዶች መፍትሔው ክዳኑን ቆልፎ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ መለጠፍ ነው ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ተቆልፎ የሚኖር ፒያኖ በብልና በአይጥ ሲበላ እንኳ የሚያውቅለት የለም፤ እንግዳም አይስብም። ደግሞም ይህ አገር ዜማ የማያውቅ አገር አይደለም፤ ቅዱስ ያሬድ የመጨረሻ ዘመኑን በሰሜን ተራሮች እንዳሳለፈ በትውፊት ይነገራል። በ1916 ዓ.ም. ተወልደው በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያረፉት የፒያኖ ሊቅ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም ጎንደር ተቀምጠው የያሬድን ዜማ አጥንተዋል። በዚያም የቆሎ ተማሪዎችን ችግር አይተው ስላዘኑ፣ በ1967 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር የታተመው ሸክላቸው ገቢ ለችግረኞች መርጃ እንዲሆን አድርገዋል። የዛሬው ተማሪ ፒያኖን በቁልፍ ተዘግቶ ብቻ የሚያየው ከሆነ ከየት ሊማር ነው?

በሌላ በኩል በ2008 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ 15 ፒያኖዎች በየመንገዱ ተቀምጠው ማንም እንዲጫወትባቸው ተፈቅዶ ነበር፤ ልማዱም ወደ ብዙ ከተሞች ተዛምቷል። ይሁን እንጂ በዚያ አገር አሮጌ ፒያኖ ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ሰው ተፈልጎ በነጻ የሚሰጥ ዕቃ ነው። የመርከብ ኪራይ፣ ቀረጥና የጅቡቲ መንገድ ጭነት ተከፍሎበት የሚመጣውን የእኛን ፒያኖ ለጎዳና መስጠት አይቻልም።

መካከለኛው መንገድ ቁልፉን ለአንድ በስሙ ለታወቀ ሠራተኛ ማስረከብ ነው። የሚጫወትበት ሰዓት ይወሰን፤ መጫወት የሚፈልግ እንግዳ ቁልፉን ጠይቆ ስሙን በመዝገብ ያስፍር፤ ለሠርግና ለግብዣ የሚከራይ እንደ ሆነም መያዣ ገንዘብ ይቀበሉ። ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ባለቤቱ ሳያውቅ ሠራተኛው ለወዳጁ ባንድ አውሶት፣ 200 ኪሎ የሚያልፈውን ዕቃ አራት ጎልማሶች በደረጃ ላይ እየጎተቱ ሲያወርዱት ነው። ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ከቦታው እንዳይነቃነቅ በቅጥር ውሉ ላይ ቢጻፍ ክርክር ይቀራል።

አስመጪዎችም ድርሻ አላቸው። ክዳኑ የሚቆለፍ መሆኑን ሳያረጋግጡ፣ ያለ ልብስና ያለ መለዋወጫ ሽቦ አምጥቶ መሸጥ ገበያውን ያበላሻል፤ ፒያኖው በዓመቱ ድምፁ የጠፋበት ባለ ሆቴል ጎረቤቱ እንዲገዛ አይመክርምና። የመጀመሪያው ዓመት ቅኝት በሽያጩ ዋጋ ውስጥ ቢገባ፣ የጎንደር፣ የዳባትና የደባርቅ ገዢዎችም ተባብረው አንዱን ቃኚ በአንድ ጉዞ ቢያስመጡ፣ ወጪው ለሁሉም ይቀላል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በጦርነትና በጸጥታ መታወክ ምክንያት የፓርኩ ጎብኚ በሳሳበት ጊዜ ይህ ቁጠባ ቀላል አይደለም።

ስለ መድንም አንድ ቃል እንጨምር። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጣይቱ ሆቴል በእሳት አደጋ ሲጎዳ፣ በውስጡ የነበረው የጃዛምባ የሙዚቃ ቤትም ተቃጥሏል። ባለ ሆቴሎች የመድን ውላቸውን አውጥተው ፒያኖው ከነ ዋጋው ተለይቶ መጻፉን፣ ወይስ «ልዩ ልዩ የቤት ዕቃ» በሚል ቃል መታለፉን በዚህ ሳምንት ይመልከቱ።