ኦቲዝም የጓዳ ምስጢር ሳይሆን የሕዝብ በጀት ጉዳይ ነው

የአንድ ኅብረተሰብ የዕድገት ደረጃ የሚመዘነው ባመረተው ኩንታልና ባነጠፈው መንገድ ብቻ አይደለም። በስብሰባ ተነሥቶ መናገር፣ መጠየቅና መከራከር ለማይችለው አባሉ ባደረገውም ይመዘናል። በዚህ ሚዛን ሲታይ የኦቲዝም ሕፃናትና የወላጆቻቸው ጉዳይ በአገራችን ተገቢ ቦታውን ገና አላገኘም። ጉዳዩ ለረጅም ጊዜ የጓዳ ምስጢር፣ ከዚያም የጥቂት ደግ ሰዎች በጎ አድራጎት ሆኖ ቆይቷል። አሁን ግን በምክር ቤቶች የበጀት ሰሌዳ ላይ መስፈር ያለበት የመላው ሠራተኛ ሕዝብ ጥያቄ ነው።

በቅድሚያ መጥራት የሚገባው የአስተሳሰብ ብዥታ ነው። ኦቲዝም እርግማን አይደለም፤ የመንፈስ ልክፍት አይደለም፤ የእናት ኃጢአት ቅጣትም አይደለም። ከአእምሮ ዕድገት ጋር የተያያዘና ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ ሁኔታ ነው። አንዱ ልጅ ቃል ሳያወጣ ያድጋል፤ ሌላው አሳምሮ እየተናገረ ከእኩዮቹ ጋር መጫወት ይቸግረዋል፤ አንዳንዱን ድምፅና ብርሃን ያውከዋል፤ ብዙዎቹም የለመዱት ሥርዓት ሲለወጥ ይረበሻሉ።

ሳይንስ ራሱ ወደዚህ ግንዛቤ የደረሰው በትግል ነው። ግሩኒያ ሱካሬቫ የተባለች የሶቪየት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1925 በሞስኮ ስለ 6 ወንዶች ልጆች የጻፈችው ዛሬ ኦቲዝም ከምንለው ጋር እጅግ ይቀራረባል፤ ሥራዋ ግን ለብዙ ዓመታት ተዘንግቶ ቆየ። ሊዮ ካነር በአሜሪካ ስለ 11 ሕፃናት የጻፈው ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1943 ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በምዕራቡ ዓለም የታወቁ ምሁራን ሳይቀሩ የሁኔታው መንስኤ ልጇን የማትወድ ቀዝቃዛ እናት ናት እያሉ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1977 በብሪታንያ በ21 ጥንድ መንትዮች ላይ የተደረገው ጥናት ግን የዘር ውርስ ከፍተኛ ድርሻ እንዳለው አሳየ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፤ እናትን የሚኮንን አስተሳሰብ የፕሮፌሰር ካባ ለብሶ ቢመጣም ኋላ ቀር ነው፤ የሚያሸንፈውም በምርምር ነው፤ ምርምር ደግሞ ያለ በጀት አይራመድም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የገዛ ልጃቸውን በማሳደግ ካዩት ችግር ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ2002 በኒያ ፋውንዴሽን ሥር የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ከፈቱ። በኋላም የነህምያ ኦቲዝም ማዕከል ተቋቋመ። እነዚህ ሥራዎች ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአገልግሎት ጥናት እንዳመለከተው፣ የምርመራውም የትምህርቱም አገልግሎት በአብዛኛው በዋና ከተማዋ የተወሰነ ነበር። በዚያው ዓመት የታተመና በአዲስ አበባ ክሊኒኮች ልጆቻቸውን ያመጡ 102 አሳዳጊዎችን የጠየቀ ሌላ ጥናት ደግሞ ወደ 45 በመቶ የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ እፍረት እንደሚሰማቸው፣ አንድ አራተኛ ያህሉም ለመደበቅ እንደሚጥሩ አሳይቷል። ሐኪም ቤት የደረሱት ይህን ካሉ፣ ከጓዳ ያልወጡት ምን ይሉ ይሆን?

አሁን ዓይናችንን ወደ ጌጫ፣ ወደ ማሻ፣ ወደ ቴፒና ወደ ሚዛን አማን እንመልስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2021 ባወጣው ግምት ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት። አንድ ጤና ኬላ እንዲያገለግል የታቀደው ወደ 5,000 ሕዝብ ነው። ግምቱን ይዘን ብናሰላ በአንድ እንዲህ ባለ ቀበሌ ወደ 39 ሰዎች ይሆናሉ። እነዚህ ሰዎች በየመዝገባችን የት አሉ? በእሸት ቡና ለቀማ ወራት የለቃሚዋ ገቢ የሚቆጠረው በለቀመችው ኪሎ ነው። ወደ ጫካ ወይም ወደ ወንዝ የሚሮጥ ልጅ ያላት እናት ግን ወይ ልጁን አስራ ትሄዳለች፣ ወይ ቀኑን ሙሉ ስትጠብቀው ውላ ገቢዋን ታጣለች። ይህ ምርጫ የእርሷ ጭካኔ ሳይሆን አማራጭ ያላቀረበላት ኅብረተሰብ ጉድለት ነው። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ አዲስ አበባ ትሂድ ማለትም ምክር ሳይሆን ስላቅ ነው።

«ወባና የወሊድ ሞት ያለበት አገር ለዚህ ገንዘብ ከየት ያመጣል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። የምንጠይቀው አዲስ ሕንፃ በየወረዳው እንዲተከል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞቹን እስከ ቀበሌ አድርሷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ነው፤ ስፔሻሊስት ያልሆነ ሰው ሊመራው ይችላል፤ በአገራችን ሁኔታም ተቃኝቶ ተሞክሯል። የጎደለው ዕውቀቱ ሳይሆን ሥልጠናውን ዘላቂ የሚያደርገው የመንግሥት ገንዘብ ነው። በዚህ መስክ የተደረገው ምርምር አብዛኛውን ጊዜ የቆመው በውጭ ድጋፍ ነው። የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ሲዘጋ ብዙ የጤና ሥራዎች የደረሰባቸው መናጋት በሌላ ኪስ ላይ መደገፍ ምን እንደሚያስከትል በተግባር አሳይቷል።

ሕጋዊው መሠረትም ተጥሏል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን አቅም በፈቀደ መጠን እንዲደግፍ ይደነግጋል። ዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ጸድቋል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ ግን የሥራ መመዘኛ እንጂ የእንቅልፍ ፈቃድ አይደለም።

ስለዚህ ኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልና የፌዴራሉ መንግሥት በሚከተሉት ላይ ቁርጥ ያለ በጀት ሊይዙ ይገባል። አንደኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ምልክቶቹን በጊዜ እንዲለዩ ማሠልጠን። ሁለተኛ፣ የአሳዳጊዎችን ሥልጠና በሸኪኖኖ፣ በካፊኖኖና በቤንችኛ ጭምር መስጠት። ሦስተኛ፣ በየወረዳው ቢያንስ በአንድ ትምህርት ቤት የሠለጠነ የልዩ ፍላጎት መምህር መመደብ። አራተኛ፣ የሚዛን ቴፒና የጅማ ዩኒቨርሲቲዎች በአካባቢው ያለውን ቁጥርና ችግር እንዲያጠኑ የምርምር ገንዘብ መስጠት፤ ያልተቆጠረ ሕዝብ በጀት አያገኝምና። አምስተኛ፣ ከልጅዋ ጋር በመዋል ገቢዋን ለምታጣ እናት የማኅበራዊ ድጋፍ መንገድ ማበጀት።

በጀት ብቻውን ግን የተዘጋ በር አይከፍትም። በሩን የሚያንኳኳው የቀበሌው ነዋሪ፣ የዕድሩ አባልና የሥራ ባልደረባ ነው። ዕድር ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለኑሮም መደራጀቱን ያሳይ፤ የልጁን እናት በተራ የሚያሳርፉ ጎረቤቶችን ይመድብ። የሠራተኛ ማኅበራት በቡና እርሻዎች የሕፃናት ማቆያ ጥያቄን ሲያነሡ እነዚህን ሕፃናት ከዝርዝሩ እንዳይፍቁ። የቀበሌ ስብሰባም የወረዳውን ምክር ቤት አባል «ለኦቲዝም ስንት ብር ተያዘ?» ብሎ በስም ይጠይቅ፤ መልሱንም በሚቀጥለው ስብሰባ ያዳምጥ።

ልጁ ላይናገር ይችላል፤ ስለ እርሱ መናገር ግን የእኛ ፈንታ ነው። የተደበቁት ሕፃናት ይቆጠሩ! እናቶቻቸው ብቻቸውን አይቅሩ! የሕዝብ ገንዘብም ድምፅ ለሌለው የሕዝብ ልጅ ይድረስ!